ሊብሬው በስምዎ፣ ቁልፉ በእጄ

መርሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ባሕር ማዶ ለሚኖሩት ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአጎቴ ለኡበይደላ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ የሻርጃን ሙቀት ያብርድልዎት፤ ሪዝቅዎን ያስፋልዎት። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ማሽላው ዘንድሮ አምሯል፤ ወፍና ዝንጀሮ ካልቀደሙን እንበላለን።

"ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?" ይሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ኔትወርኩ መምጫውም መሄጃውም አይታወቅም። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ በስልክ ስናወራ ገና ከመጀመሬ "እሺ እሺ፣ ገባኝ" ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት አይዘጋም። ለእረፍት መጥታ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ ኢሕሳን ነገ ወደ ሻርጃ ስለምትመለስ ይህን ይዛልኝ ትመጣለች።

ነገሬ ስለ ዳለቻ ነው። እርስዎ የገዟት፣ ከአባቴ ከጁነይድ ጋር እየተቀያየራችሁ ከመርሳ ጊራና፣ ከጊራናም በላይ ሰው ያመላለሳችሁባት፣ ሲሄዱ ለእሱ ትተዋት የሄዱት ላንድሮቨር። አባቴ አላህ ይዘንለትና ካረፈ ወዲህ አጥራችን ጥግ ቆማለች። ሞተሯ ምንም አልሆነም። በቀደም ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቤ አስነስቻታለሁ፤ የእማዬ ዶሮዎች እስካሁን ከድንጋጤያቸው አልተመለሱም።

የጎደላት ሶኬት ነው። የማስነሻውን፣ የመብራቱን፣ የፍሬቻውን፣ የክላክሱን ሽቦ ከሽቦ የሚያገናኙት ሶኬቶች በሙሉ የሉም፤ ተቆርጠዋል። የቆረጣቸው አባቴ ራሱ ነው። ምክንያቱን እማዬ "በየኬላው የሚገለጥ ወረቀት ላይ አይጻፍም" ስላለችኝ ለጊዜው ልተወው። አሁን የቀረን ጫፉ የተላጨ የሽቦ ጎፈሬ ብቻ ነው።

ሶኬቶቹ እንደ ዘመኑ መኪና ነጭ ፕላስቲክ አይደሉም። አንደኛው ወገን እንደ እስክርቢቶ ጫፍ የሾለ ናስ ነው፤ ሌላው ጥቁር ጎማ የለበሰ ቱቦ ነው። ሲገፉት ይገባና ጠቅ ይላል። ወልድያ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ አዳርሻለሁ። አንዱ የባጃጅ ሰጠኝ። ሌላው "እቺን መኪና የሠሯት ሰዎች ራሳቸው ረስተዋታል" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን በወልድያ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሬ የጨረስኩት ሊሳቅብኝ አይደለም።

ዳለቻ መብራትና ፍሬቻ ከሌላት ዓመታዊ ምርመራውን አታልፍም፤ ቦሎ ካልተለጠፈላት ደግሞ መንገድ ላይ አትወጣም። ከጊራና በላይ ላሉት ሰዎች ደግሞ ከእሷ በቀር ደፍሮ የሚወጣላቸው መኪና የለም። ሻርጃ የአሮጌ መኪና ዕቃ አገር ነው ሲሉ እሰማለሁ። የምለምንዎት ሶኬት ነው። ብር አልጠየቅሁም። ልብ ይበሉልኝ፣ ብር አልጠየቅሁም።

የወንድምዎ ልጅ
ዙልፋ ጁነይድ

---

ሻርጃ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ፤

ወዐለይኩሙሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ያሳድግሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፤ ምላስሽንም ከእናትሽ ምላስ ትንሽ ያሳጥርልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የጎማ መጋዘን እጠብቃለሁ፤ ወንበርም ማራገቢያም አለኝ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ብር አልጠየቅሁም ብለሻል። ስለዚህ ብር ልኬያለሁ። ለእናትሽ ጉልበት መድኃኒት ግዢበት፤ በቀረው ለራስሽ እንደ ሰው ልብስ ግዢ። እጅሽ ግራሶ፣ ቀሚስሽ ግራሶ ነው አሉ። ናስትሮ በጥርሷ የምትቆርጥ ልጅ ማን ያገባል?

ስለ ዳለቻ አትድከሚ። ሽጫታለሁ ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሎጅ የሚከፍት አንድ ሰው አለ። አሮጌ መኪና በሩ ላይ አቁሞ፣ ኮፈኗን ከፍቶ አበባ ሊተክልባት ይፈልጋል። ሥዕሏን አይቶ ወዷታል። አበባ ለመሸከም ደግሞ ሶኬት አያስፈልግም።

አውቃለሁ፣ ትከፊያለሽ። እኔም ጉልበቴን የጨረስኩት በእሷ ነው። ግን ሁሉም ጊዜ አለው። እሷን መንገድ ላይ አወጣለሁ ስትዪ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፤ እዚያው ወልድያ ደህና ሥራ ይዘሻል፣ እሱን አጥብቀሽ ያዢ። ሰውየው ሲመጣ ቁልፉን ስጪው። ሊብሬው በእኔ ስም ስለሆነ ሌላውን እኔ ከእሱ ጋር እጨርሳለሁ።

አላህ በሰላም ያቆየን።

አጎትሽ ኡበይደላ

---

መርሳ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኡበይደላ፤

የአላህ ሰላም በያሉበት ይከተልዎት። ወንበርና ማራገቢያ እንዳለዎት ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ብሩ ደርሶናል። የእማዬን መድኃኒት ገዝቼበት ሌላውን በመጣበት ሰው እጅ መልሻለሁ። እማዬ "ብሩ ምን አጠፋ?" ብላ ሰሞኑን አኩርፋኛለች። ብሩ ምንም አላጠፋም። ሶኬት የጠየቀ ሰው ብር ሲላክለት ግን "ዝም በይ" መባሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈልግም።

ንጉሴን ያስታውሱታል፤ ወልድያ የመኪና መብራት የሚሠራው፣ እኔም አሁን የምሠራው እሱ ጋር ነው። ሶኬት ሲጠፋ "ሽቦውን ጠምዝዘን በናስትሮ እንጠቅልለው፣ ለጊዜው ይሄዳል" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። የዳለቻ ፊት ሲበራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እልል አለ። ለምርመራ ወደ ወልድያ ወሰድኳት። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ የናስትሮውን ክምር አየና "ይሄ ሽቦ ነው ወይስ ቋንጣ?" አለኝ። አላሳለፋትም።

ስመለስ ሲሪንቃ አካባቢ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የተጠመዘዘው ሽቦ ተፈትቶ እርስ በርሱ ተነካካ። መብራቱ ድርግም አለ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ መጣ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ለጥቂት ሳተኝ። ወርጄ የባትሪውን ገመድ በእጄ ነቀልኩት። መዳፌ ትንሽ ተቃጥሏል፤ ድኗል፣ አያስቡ። በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ የሚይዘው ጠቅ ብሎ የሚገባው ሶኬት ብቻ መሆኑን ግን በቆዳዬ ተምሬያለሁ።

አሁን ደግሞ የማይሳቅበትን ልንገርዎት። ባለፈው ወር ከጊራና በላይ የምትኖር ፍሬሕይወት የምትባል ሴት ምጥ ጠናባት። ገና አልነጋም፣ ጉሙ ዓይን ያሳውራል። ባሏ እየሮጠ መጥቶ "ዳለቻን!" አለኝ። ሞተሯን አስነሳሁ። ግን በዚያ ጉም፣ በዚያ ገደል ጠርዝ፣ ያለ መብራት እንዴት ብዬ ልውጣ? አብረን የምንቀብርበት የቅሬያችን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወረዷት። እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ አበባ ቢሉኝ አልሰማም። ዳለቻን ለአበባ አልሰጥም።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ከመቆረጥ ያመለጠች አንዲት ሶኬት አግኝቼ ከዚህ ወረቀት ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ይቺን ለሱቀኞቹ ያሳዩአቸው፤ ከዚህ በኋላ "አልገባኝም" የለም።

ስለማግባትም አይጨነቁ። የሚያገባኝ ሰው ናስትሮውን ይይዝልኛል።

ዙልፋ

---

ሻርጃ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙልፋ፤

የረመዳንን በረከት አላህ ያድላችሁ፤ ጾማችሁን ይቀበልላችሁ። ለዚያች ለፍሬሕይወት ልቧን ይጠግንላት።

ለመዘግየቴ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱ ግን የእኔ ነው። አድራሻዬም ተቀይሯል። ከእንግዲህ የምትልኪውን በኢሕሳን በኩል ላኪ፤ መጋዘኑ ጋ አትላኪ።

ሶኬትሽን ኪሴ ከትቼ የሱቅ መንደሩን ዞርኩት። አንዱ "ይሄ የጆሮ ጌጥ ነው?" አለኝ። አንዱ ሻይ ጋብዞ ስለ አያቱ መኪና ሲያወራኝ ዋለ፤ ሶኬት ግን የለውም። በመጨረሻ አንድ ሱቀኛ "ሶኬት ሶኬት ነው" ብሎ ከረጢት ሙሉ ሰጠኝ፤ ነጭ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ሽቦ ይይዛል። ልኬያለሁ። ከዚህ በላይ የምሄድበት እግር የለኝም።

ነገር ግን ከረጢቱን ስለላክሁ ሐሳቤን ለወጥኩ እንዳይመስልሽ። ሰውየው ከዒድ በኋላ መርሳ ይመጣል። ቃል ሰጥቼዋለሁ፤ ቃሌ ደግሞ አይታጠፍም።

አንድ ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ሁሉም ጁነይድን ሲያመሰግን እሰማለሁ። እኔ ደህና መኪና ሰጥቼው ሄድኩ። እሱ በቢላ ከታተፋት። ሽቦ በቢላ የሚቆርጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ግን ሞኝ ነበር። የእሱን ሞኝነት ለመጠገን አንቺ እጅሽን ታቃጥያለሽ፣ እኔ በዚህ ፀሐይ እዞራለሁ።

ቁልፉን ስጪው።

ኡበይደላ

---

መርሳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኡበይደላ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጤናዎንም ከልቤ እለምናለሁ፤ የምጽፈውን ለመስማት ጤና ያስፈልግዎታል።

ከረጢቱ ደርሷል። አመሰግናለሁ። አንዱም አይገባም። ለባጃጅ ሠሪዎች ሰጥቻቸው መርቀውዎታል።

እማዬ አትጻፊ ያለችኝን አሁን እጽፋለሁ። ቁጭ ብለው ያንብቡት። በዚያ ክፉ ዓመት፣ ሰው ከተማውን ጥሎ በሚሸሽበት ጊዜ፣ የታጠቀ ሰው ሁሉ መኪና ይፈልግ ነበር። ቁልፍ የደበቀ ይገረፋል፤ ባትሪ የደበቀ "አምጣ" ይባላል። አባቴ ይህን ያውቃል። እማዬን ወደ ገጠር ከሸኘ በኋላ እኔ እያየሁት ኮፈኑን ከፍቶ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ቆረጠ፤ በከረጢት ሰብስቦም ወንዙ ውስጥ በተናቸው። "አባ፣ ለምን አንደብቃቸውም?" አልኩት። "የደበቅሁትን ሲደበድቡኝ እናገራለሁ። የሌለኝን ግን ከየት አመጣለሁ?" አለኝ።

መጡም። መቱትም። ሊያስነሱ ሞከሩ፤ የሽቦ ጎፈሬ ሲያዩ ተሳድበው ትተዋት ሄዱ። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን መኪኖች የቀረችው ዳለቻ ብቻ ናት። አባቴ ሰላም ሲሆን እጠግናታለሁ ይል ነበር፤ የተመታበት ጎኑ ግን ሳይድን ሄደ። ያ ነው ሞኝ ያሉት። በረመዳን ሞኝ ያሉት እሱን ነው።

የአዲስ አበባው ሰውዎ መጥቶ ነበር። ከነጎታች መኪናው። እኔ ግን ቀድሜ ነገሩን ለቅሬው አቅርቤዋለሁ። እርስዎ አባል ስለሆኑ ደንቡን ያውቁታል፤ የቅሬ ቃሬዛ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለዕዳም አይያዝም። የቅሬው ዳኛ አቶ ተስፋዬ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ጠየቀ፤ "ይቺ መኪና የማንን ሬሳ ተሸክማለች?" አለ። የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ስም እየጠሩ ሲቆጥሩ ቆዩ። የፍሬሕይወት ባል ተነስቶ "የእኔን ልጅ መሸከም ነበረባት" አለና ተቀመጠ። ወዲያው "ዳለቻ ቃሬዛ ናት" ተብሎ ተፈረደ።

ስለዚህ ሰውዎ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ በዙሪያዋ ተቀምጠው አገኛቸው። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ምሳ አብልተው፣ መርቀው፣ ባዶ ጎታቹን አስይዘው ሸኙት። ሲሄድ "ባለቤቷ እኮ ሸጦልኛል" አለኝ። እኔም የመለስኩለትን ለእርስዎም እደግመዋለሁ፤ ሊብሬው በስምዎ ነው፣ ቁልፉ በእጄ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኢሕሳን ስለ እርስዎ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። መጋዘኑ ምን ሆነ? የት ነው የሚያድሩት?

ዙልፋ፣ የጁነይድ ልጅ

---

ሻርጃ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙልፋ የጁነይድ ልጅ፤

አላህ ከነቁጣሽ ያኑርሽ። እማሽን ሰላም በይልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቅሬው። ቃሬዛ ጎማ የለውም! ቃሬዛ ሊብሬ የለውም! ገና አቶ ተስፋዬ ሱሪ ሳይታጠቅ እኔ ያቺን መኪና ገዝቻለሁ። እኔ በሌለሁበት የእኔን ንብረት ቃሬዛ ያደረጉት በየትኛው ሕግ ነው? ይህን ቃል በቃል ንገሪልኝ።

አሁን ስለ ጁነይድ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ "መኪናዋ እንዴት ናት?" ብዬ ጠየቅሁ እንጂ "አንተስ እንዴት ነህ?" አላልኩም። ሞኝ ያልኩትን ከደብዳቤው ላይ በእስክርቢቶ ሰርዢልኝ፤ እስኪቀደድ ሰርዢው።

ስለ እኔ ጠይቀሻል። መጋዘኑ ከረመዳን በፊት ተዘግቷል። የማድረው ከአገራችን ልጆች ጋር በደባል ነው። ዕድሜዬን ያየ ሥራ አይሰጠኝም። መምጣት እፈልጋለሁ፤ ግን ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው በመርሳ ገበያ መሀል እንዴት አድርጎ ያልፋል? ዳለቻን የሸጥኳት ለዚህ ነበር። አንድ ነገር ይዤ ልግባ ብዬ ነው። አሁን አወቅሽ፤ ለማንም አትንገሪ።

ከደብዳቤሽ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ከከተማው ውጭ የተቆራረጠ መኪና የሚከመርበት ሜዳ አለ። እዚያ በእግሬ ስዞር ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከጭነት መኪናዎቹ ጀርባ የዳለቻን እህት አየኋት። ሰማያዊ ናት፣ ጣራ የላትም፣ አሸዋ እስከ ወንበሯ ሞልቷታል። ሶኬትሽን ከኪሴ አውጥቼ ኮፈኗ ሥር ካለው ጋር አስተያየሁት፤ ያው ነው። ባለቤቱ ባሉች ከሚባሉት የፓኪስታን ሰዎች አንድ ሽማግሌ ነው። "ሶኬት ለይቼ አልሸጥም፤ ሽቦውን በሙሉ ራስህ ፍታና ውሰድ" አለኝ። በዚያ ፀሐይ ሥር ገብቼ ከፊት መብራት እስከ ኋላ ስቶፕ ሳልቆርጥ፣ ሳልልጥ ፈታሁት። እጄ አልረሳውም፤ አላቀቅሁት። ጫፎቹን ለማሰር ናስትሮ በጥርሴ ቆርጫለሁ፤ አትሳቂ።

ለአረፋ ከምትመጣው ከኢሕሳን ጋር ልኬዋለሁ። ሻንጣዋን ሞልቶባት ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ አስወጥቻታለሁ፤ አንቺ ካሺያት።

ተሸንፌ አይደለም። ሙሉ ሽቦ ያላት መኪና የተሻለ ትሸጣለች ብዬ ነው።

ኡበይደላ

---

መርሳ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ ለኡበይደላ፤

አረፋን ያለ እርስዎ ዋልን፤ አላህ የሚመጣውን አብረን ያውለን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏት ለሰላት ቁጭ ብድግ ትላለች።

ሽቦው ደርሷል። የኢሕሳንን እናት ብርድ ልብስ ካስኩ። ንጉሴ ሽቦውን ግቢያችን ውስጥ በቁመቱ ዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ አየውና "ይህን የፈታ ሰው እጁ ይባረክ፣ አንድ ጫፍ እንኳ አልበጠሰም" አለ። ሽቦውን የሸፈነው ጨርቅ ቀለሙ ጠፍቶ ቀዩ ከቡናማው አይለይም ነበር። እሱ ከባትሪው፣ እኔ ከመብራቱ እየያዝን አንድ በአንድ ለየናቸው። ከዚያ አገናኘናቸው። እያንዳንዷ ስትገባ ጠቅ ስትል እኔም "አባዬ" እላለሁ፤ ሳላስበው ነው።

ወልድያ ያው መርማሪ ጠበቀኝ። ፍሬቻ ግራ አለኝ፤ በራ። ቀኝ አለኝ፤ በራ። ስቶፕ፣ ክላክስ፣ የፊት መብራት። ኮፈኑን ከፍቶ ናስትሮ ሲፈልግ ቆየ። "ቋንጣውስ?" አለኝ። "በላነው" አልኩት። ቦሎዋ ተለጠፈ። በማግሥቱ ከጊራና በላይ ወጥቼ አንድ ትኩሳት ያጣደፋቸውን ሽማግሌ ለሐኪም አደረስኩ። ጉም ነበር፤ ገደሉም ነበር፤ ግን አየሁት።

አሁን ይቆጡኛል። ለማንም አትንገሪ ያሉኝን ለቅሬው አነበብኩት። የሚቆጡትን ያህል ይቆጡ፤ አንድ ሰው ብቻውን አገር ለአገር እየተሸማቀቀ እንዲኖር ዝም ብዬ አላይም። ስለ ሱሪው የጻፉትንም አልዘለልኩም። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አቶ ተስፋዬም ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ትቶ እንዲህ አለ፤ "ኡበይደላ ባዶ እጄን አልመጣም ይላል። ስጦታ ማን ጠየቀው? የቅሬ አባል ከቀብር ሲቀር ይቀጣል። ይህ ሰው ከሄደ ጀምሮ ከስንት ቀብር ቀረ? ከገዛ ወንድሙ ቀብር እንኳ ቀረ። እኛ የምንጠብቀው የውጭ አገር ዕቃ የሚያመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቅጣቱን የሚፈጽም አባል ነው።"

ደንቡ ቅጣት በብር ነው ይላል። አቶ ተስፋዬ ግን "የዚህን ሰው ቅጣት ብር አይችለውም" ብሎ ሌላ ፈረደ። በቀሩበት ቀብር ልክ ዳለቻን እየነዱ በሽተኛና ሬሳ እንዲያመላልሱ ነው። ሁሉም እጁን አንስቶ አጸደቀው። እኔም አነሳሁ።

እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው። ሊሸጧት የሚመጡ ከሆነ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መርሳ በእግርዎ ይምጡ፤ ስደርስ ቁልፉን እወስዳለሁ ብለው አያስቡ፣ አያገኙትም። ሊነዷት የሚመጡ ከሆነ ግን ቀኑን ይንገሩኝና በሩ ላይ ሞተሯን አስነስቼ እጠብቅዎታለሁ። እጅዎ ላይ ምን እንደያዙ የሚያይ ሰው አይኖርም። ሰው ሁሉ የሚያየው መሪውን ነው።

ልጅዎ
ዙልፋ

---

ሻርጃ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙልፋና ለቅሬያችን አባላት በሙሉ፤

አላህ ለሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ፤ በተለይ ለአቶ ተስፋዬ፣ እኔ እስክደርስ ድረስ።

ፍርዱን አልቀበልም። ሰው በሌለበት መፍረድ በሸሪዓውም በመንግሥቱም ሕግ የለም። ይግባኝ እላለሁ። ይግባኝ ደግሞ በወረቀት አይባልም፣ በአካል ቀርቦ ነው፤ ስለዚህ ቲኬት ቆርጫለሁ። ሐምሌ 19 ጠዋት ኮምቦልቻ እገባለሁ።

ዙልፋ፣ ሞተሩን አታጥፊው። ጎን ወንበር ላይ የምትቀመጪው ግን አንቺ ነሽ።

እያንዳንዱን ቀብር እያነሳሁ እከራከራችኋለሁ። ከሟቾቹ ግማሾቹ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ እዚያው ብኖርም አልሄድላቸውም ነበር። ሌሎቹ እኔ ከመሄዴ በፊት የሞቱ ናቸው፤ አቶ ተስፋዬ አቆጣጠር አይችልም። ሁሉንም አሰርዛለሁ።

የጁነይድን ግን ማንም እንዳይሰርዝብኝ። የእሱን ቅጣት እስክሞት እነዳዋለሁ።

ኡበይደላ